የዘንዶው ባሕርይ

በፑንታ አሬናስ ነፋስ ሲበረታ
ገመድ ይዘረጋል በአስፋልቱ ጠርዝ ተርታ፣
እግረኛ ይዞት እንዲያልፍ፣ እንዳይሄድ ተንሳፍፎ።
እዚያ ነው ኤሊሴዮ፣ የጎማ ሱቁን ቆልፎ፣
ማታ ዘንዶ የሚያበጅ፣ ላጲሱን ታቅፎ።

መጽሐፉ ቁርጥ ነው፦ «ቀይ ዘንዶ። ባሕርዩ እሳት።
ትንፋሹ አሥራ ሁለት ዳይስ፤ ያነዳል ከርቀት።»
ችግሩ፣ ጓደኞቹ ገጹን በቃል ያውቁታል።
ኦስቫልዶ እሳት የማይበላው ካባ ገዝቷል፤
ሌአንድሮ ቀለበት፤ ፍሎሬንሲያ አንድ ጽዋ በረዶ።
ያወቁት ጠላት ጎረቤት ነው፤
ታዲያ ምኑ ነው ዘንዶ?

ሌላም ምክንያት አለው፣ ካፉ ያላወጣው፤
ባለፈው ሐምሌ የሚሬያን ቤት እሳት በላው።
የተረፋት ምድጃው ብቻ (እሳትም ዘመዱን ያውቃል)፣
አንድ እግር ቦት ጫማ፣
እና የሐሙስ ማታ ይህ ጨዋታ።

ስለዚህ «እሳት» የሚለውን ፋቀ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ።
«ነፋስ» ብሎ ጻፈ፤ ጥቂት አሰበና ጨው አከለ፤
ጉዳቱን ወደ ስድስት ዳይስ አወረደ፣
ርቀቱን በእጥፍ ሰደደ።
ዘንዶው አያገሳም፤ በበር ሥር ያፏጫል።
እሳት የማይበላው ካባ ሸራ ሆኖ ይነፋል፣
ባለቤቱን አንጠልጥሎ ወደ ገደል ይጋልባል።
ገመድ የያዘ ብቻ ይተርፋል።

ሐሙስ መጣ። ኦስቫልዶ ከነካባው ሲበር
ሣቁ ጎማ ያንቀጠቅጥ ነበር።
ሚሬያ ግን ዝም። እርሳሷን ነክሳ፣
ተራዋ ሲደርስ ዳይሷን ሳታነሣ፦
«ቀይ ዘንዶ ነው ያልከን። እሳቱ የት ሄደ?»
«ቀየርኩት...» አለ፣ «እንዲያው ለለውጥ...» ዐይኑ ወረደ።
«ለእኔ ብለህ ነው?»
ያኔ ሚሬያ ነደደች።

«ቤቴን የበላው እሳት ተራ አልጠበቀም።
ምን ታደርጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።
የሚቆጠር ነፍስ አልነበረው፣ የሚደማ ክንፍ፤
አንድ ሌሊት በላ፣ ጠገበ፣ ሄደ።
እዚህ ግን ተራ አለኝ። ሰይፍ አለኝ።
እሳቴን መልስልኝ።»

ማንም አልሣቀም። ውጭ ገመዱ ያፏጫል።
ኤሊሴዮ እርሳሱን አነሣ፤ ላጲሱን አልነካም፤
ከነፋሱ ጎን፣ ወረቀቱ ከሳሳበት፣
«እሳት» ብሎ ደገመበት።
ነፋስ ያገኘ እሳት፤ መጽሐፉ የማያውቀው፣
የከተማው ሰው ሁሉ ግን የሚያውቀው።

ሚሬያ ባለ ሃያ ፊቱን ዳይስ በእፍኟ አሽታ ለቀቀችው።
ከጠረጴዛው ወደቀ፤ በጎማዎቹ መሃል ተንከባለለ፤
ስልክ አብርተው፣ ተንበርክከው ፈለጉት።
ሰባት።
አይበቃም።

ዘንዶው አፉን ከፈተ።
ሚሬያ ጉዳቷን ቆጠረች፣
ከወረቀቷ ቀነሰች፣ የቀራትን አየች፤
አራት ነጥብ ነፍስ።
«ደግ» አለች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች፣
«ተራዬ ሲደርስ ንገሩኝ።»