ቅጠልና ገጽ

«ባዶ ገጽ ነው እኮ» አለችኝ ማዳሜ፣
ከደብተሬ ገንጥላ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ።
ዝርዝሯን ጻፈች፦ ሩዝ፣ ሄል፣ የዕቃ ሳሙና።
ገጽማ አይገነጠልም፣ ጀርባ አለውና።

አጎቴ ዘርዓ ብሩክ ብራና ሲደጉስ፣
«ገጽ ይነበባል፣ ቅጠል ነው የሚበጠስ»
ይለኝ ነበር፣ መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

ከጀርባው የትርንጎ እግር፣ በእርሳስ የዞረ፣
ለጫማ የለካሁት፤ ያኔ አራት ዓመቷ ነበረ።

ኩዌት፣ ሐዋሊ፤ ባለሱቁ ሄሉን ሲመዝን፣
ወረቀቱን ገለበጠ። «ስንት ቁጥር ይሆን?»
«እንጃ» አልኩት። «አድጋለች።»

ማታ ደብተሬን ስከፍት፣ ሽቦው ጋ፣ ወደ ኋላ፣
አብሮት የታጠፈው፣ ማንም ያልነካው ቅጠል ላላ።