የጦይብ በሬ

ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከማቅለሚያው ክፍል፣
ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ ጦይብ ይወጣል፤
በጣሳ ደብቆ የተረፈ ቀለም፣
አስተማሪ የለው፣ ብሩሽ እንኳን የለም፤
የፍየል ጸጉር ነው፣ ሸምበቆ ላይ ያሰረው።

አባቴ «በሬ ሣልልኝ» አለው፣ ለሥጋ ቤታችን።
ሣለው።
ቆርቆሮው ላይ ቆሞ ዓይን ዓይናችንን ያያል፤
ደንበኛው ቁርጡን ትቶ ሽሮ ፍለጋ ሄደ።
«ዓይኑን ጨፍንልኝ!» አለ አባቴ።
ጨፈነው፤ ዋጋውንም ተቀበለ፤
ሌሊት በመሰላል መጥቶ
ገለጠው።

ሞቷል አሁን ጦይብ። ኤግዚቢሽን አላሳየም፣
ስሙን አልፈረመም፤
ሥጋ ቤቱም የሞባይል መጠገኛ ሆኗል።
በሰሌዳው ዶሮ ቤት ከደንኩ፤
ክረምት፣ ቦርከና ሲሞላ፣
ዝናቡ ፊቱን ይመታዋል፤
በሬው ግን
አይጨፍንም።