አራተኛው ብሎን

ፒካፑ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤
የፊንላንድ ክረምት፣ የመንገድ ጨው ሆዱን የበላው።
ሞተሩ አይታማም። ወንበሩ ግን አልቋል፣
ሽቦው ስፖንጁን ቀዶ ወገብ ይወጋል።

አጋዘን ገጭቶ ከቆመ መኪና
ኦይቫ ጥንድ ገዛ፣ ያልነተበ ገና፤
አዲስ ሞዴል ወንበር፣ ማሞቂያ ያለው፣
ከዚህ ሽማግሌ ማን እንዳዛመደው!

አሮጌው ሲነሣ፣ ከሥሩ አቧራ፣
የዱሮ ሳንቲም፣ ዛሬ የማይሠራ፤
ደግሞ የፀጉር ማስያዣ።
ሄልሚ ባትሪ ይዛ
አየችው። የሷ አይደለም።
እዚህ ቤት ከገባች ሦስት ክረምት ቢሆን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አታውቅም።
በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው፣
ከዳሽቦርዱ ኪስ፣ ከካርታው ሥር አኖረችው።

ሦስቱ ብሎን ገባ ቀዳዳውን አግኝቶ፣
አራተኛው እንቢ፣ በሁለት ጣት ስቶ።
ገፋው። ጎተተው። ተሳደበ በቋንቋው።
«ወንበሩን አትማ፣» አለች፤ «ወለሉም ግትር ነው።»
ትራፓኖ አመጣ። ላሜራው ጮኸ፣ ሸተተ፤
በአዲስ ቀዳዳ፣ ትንሽ ጠምሞ፣ ብሎኑ ተከተተ።

ቢጫዋ ሶኬት ብቻ ከሥር ተንጠልጥላለች፣
መልስ የሚሰጣት ኮምፒውተር ትፈልጋለች፤
ይህ መኪና ሲሠራ እንዲያ ያለ አልነበረም።
ይጠይቃል ወንበሩ። የሚመልስ የለም።

አሮጌው ወንበር ከሳውናው ደጃፍ ወጥቶ፣
ውሻው ጉድጓዱን ሞላው፣ ተጠቅልሎ ተኝቶ።

የኦይቫ ራስ አሁን ጣራውን ይነካል፤
አንገቱን ሰብሮ ይነዳል።
ሄልሚ ግን ከፍ ብላ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ያላየችውን አየች፦
ሐይቁን፣ ከዳሽቦርዱ ማዶ።
«ቀስ በል፣» አለች።