ስፖኪዮ

ከፈረቃ ወጥቼ፣ ጥጡን ከፀጉሬ ሳላራግፍ፣
ሐረጎ ላይ አገኘሁት ጨዋታዬን ሲንቀረፈፍ።
ታች ኮምቦልቻ ደህና ነበር፤ አርባ አምስት፣ ሲከፋ አርባ፤
መጠምዘዣው ሲጀምር ወርዶ ወርዶ አሥራ ሁለት ገባ።
መሪ ስጠመዝዝ መኪናዋ ቆይታ ትሰማለች፤
ፍሬን ስይዝ፣ ገደል ከገባች በኋላ «አቤት» ትላለች።
በሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል! ይኼማ መንዳት አይባልም፤
የሠርግ አልበም እየገለጡ ሐረጎ አይወጣም።

ጨዋታው የፈረንጅ ነው፤ መንገዱ ግን የእኔ ሥራ፤
ሦስት ክረምት ፈጀብኝ ኩርባውን ስጠርብ በተራ።
ባሕር ዛፍ ተከልኩ፤ ከጦሳ ጭጋግ አወረድኩ፤
ለበቆሎ ጠባሿ እንኳ ፍሟን አነደድኩ፤
የጀርመኑን መኪና አንስቼ ቀይ ኤንትሬ አቆምኩ፤
ታርጋዋ ላይ የአባቴን ቁጥር፣ ከነጭረቱ ጻፍኩ።

እንግዲህ አጥፊው ማን ነው?
ሞዱን አንድ በአንድ ነቀልኩ።
ጭጋጉን ገፈፍኩ፤ ያው ነው። ዛፉን መነጠርኩ፤ ያው ነው።
የሴትዮዋ ተራ ደረሰ። «ይቅርታ እትዬ» ብያት
ከነምድጃዋ አጠፋኋት።
ሁለት ፍሬም ጨመረ። ሁለት!
ለሁለት ፍሬም አባረርኳት።

«ድራይቨሩን አድሰው» አለኝ ኸይረዲን ከደሴ ደውሎ፤
«ሾፌር መች ይታደሳል?» ልለው ስል ዋጥኩት ቶሎ።
አደስኩት። ምንም።

ሙቀቱን ጠረጠርኩ፤ ኮምቦልቻ ነው፣ ግንቦት ነው።
ሣጥኑን ብከፍተው፣ ማራገቢያው የፋብሪካችንን ጥጥ
ከልብሴ ለቅሞ ለቅሞ፣
በዘጠና ሁለት ዲግሪ ሙቀት
አገኘሁት ጋቢ ደርቦ ቆሞ።
በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት። አራት ፍሬም። ይኼም ደግ ነው።

ቅዳሜ በአንሶላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጫንኩት፤
ረዳቱ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «ታማሚ ነው» አልኩት፣
«ደጋ ታዘዘለት።»
«እንግዲያስ የሁለት ሰው ክፈል።»
ከፈልኩ።
እውነተኛውን ሐረጎ ስንወጣ፣ ከጋቢናው ሆኜ ሳይ
የሾፌሩ ዐይን ከፊቱ ይልቅ ስፖኪዮው ላይ፣
ስፖኪዮው ላይ።
ያኔ አልገባኝም።

የኸይረዲን ሱቅ ቧንቧ ውሃ ነው፤ መስኮቱን ወለል አደረገው፤
ጭጋጉ ሳይጠራ ገባና ኮምፒውተሩን ዳበሰው።
ስድስት ፍሬም። የደሴ ብርድ፣ በገበያ ዋጋው፣ ስድስት ነው።
አቀርቅሮ ቆየና፣ «መንገዱን ስንቴ ነው የምትሥለው?»
«አንዴ ነዋ!»
«ሦስቴ ነው» አለኝ፤ «አንዱ ከፊትህ ያለው፤
ሁለቱ በየስፖኪዮው። ያለፍከውን ሁሉ
ከነቅጠሉ፣ ከነጠጠሩ፣ እንደ አዲስ ይሥላሉ።»
ነካ አደረገ። ጠፉ።
ስድሳ!
ኤንትሬዋ ዳገቱን ቀረጣጠፈችው፣ ትናንት እንዳልታመመች።

ግን ጎንና ጎኗ ጥቁር። ሁለት የታወረ ዐይን።
አንድ ክረምት የአባቴ ረዳት ነበርኩ፤ ጨው ጭነን፣ ተሳቢ ጎትተን።
በየኩርባው «ገባች?» ይለኛል። አንገቴን አውጥቼ «ገባች።»
«ተሳቢዋ ሳትገባ፣ ዞርኩ አትበል»፤ ምክሩ ይቺው ነበረች።
ከዚህ ሌላ ብዙም አላወራን።

«አብራው» አልኩት።
«ወደ ሃያ ትወርዳለህ!»
«የገደል በኩሉን ብቻ። ደብዘዝ አድርገው።»
ሃያ ዘጠኝ ላይ ቆመ።
ኸይረዲን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሴትዮዋን መለስኳት፣
ከነምድጃዋ፣ ከኩርባው ሥር፤ ሁለቱን ፍሬም ከፈልኳት።
ሃያ ሰባት።

ማርሽ ቀነስኩ። አለፍናት።
ከስፖኪዮው ጥግ፣ በዚያ ብዥታ ውስጥ፣
ፍሙ ቀይ ነጥብ ሆነ፤
ከዚያ ተሳቢዋ ዞራ ሸፈነችው።
ገባች።