ፍሬቻ

ስሙን ያወጣለት ቦንሳ ነው፣ ረዳቴ፣
ቡችላ እያለ ገና፣ ሲገባ ከቤቴ፤
አንድ ዓይኑ ሲከደን፣ አንድ ዓይኑ ሲበራ፣
ሚኒባስ መስሎት ነው ሊታጠፍ ወደ ግራ።

ፍራንኮ ነው ጋራዤ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፤
የአዳማ ነፋስ አቧራውን አዝሎ
ከደጄ ያራግፋል።
ፍሬቻም በየማለዳው
ከቆመው ሲኖትራክ ጎማ ላይ ፊርማውን ያሳርፋል።

ባለፈው ሰኞ ግን እግሩን እንዳነሣ
ቆየ።
ሌላ ጎማ መረጠ፣
ወገቡን አጎበጠ፤
ጠብ ያለው አንድ ሁለት፣
ቀላ ያለ፣ እንደ መሪ ዘይት።

ቦንሳ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ያን አቋቋም አውቀዋለሁ።
አባቴ ነበር፣ በጓሮ፣ በሌሊት፣
አንድ እጁን ከቆርቆሮው አስደግፎ፣
ዝምታውን እንዲሸፍንለት
ሳል እየሳለ።
ሦስት ዓመት «ብርድ ነው» አለን።
በአራተኛው ቀበርነው።

ባለባጃጁ «ውሻ አልጭንም» አለኝ፤ አልኩት «በእጥፍ»፤
«እንግዲያው» አለና፣ «ካርቶን አንጥፍ።»

ዶክተር ኩለኒ ሆዱን በመዳፏ ዳሰሰች፤
«ፊኛው ሞልቷል፣ መውጫው ተዘግቷል» አለች።
ቱቦ አመጣች፣ እኔ ከማውቀው ቱቦ ሁሉ የቀጠነ።
ጭንቅላቱን አቅፌ «አይዞህ ጌታው» ስል
መጀመሪያ ደም፣
ቀጥሎ አሸዋ፣
ቀጥሎ፣ እንደ ሐምሌ አሸንዳ፣ ወረደ።
በሰው ፊት፣ በሽንት ድምፅ፣
ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጠጠሩን በጥጥ ላይ አሳየችኝ፤ የጤፍ ፍሬ ታህል።
«ቀን ቀን ታስረዋለህ?»
አስረዋለሁ።
«ውኃ?»
በዚህ ሙቀት፣ በአሮጌ የዘይት ጣሳ፣ ካስታወስን።
አልተቆጣችም፤ ጻፈች ብቻ።
ውኃው ንጹሕ ይሁን፣ ሦስቴ ይቀየር፤
ፍቱት፣ ይውጣ፣ አይያዝ፤
ክኒኑ የዳነ ቢመስልም እስኪያልቅ ይዋጥ፤
በአሥራ አምስት ቀን ሽንቱ ይምጣ።
«አንድ ሌሊት ቢጨመር ኖሮ...» አለችና
ጓንቷን አወለቀች።

እናም በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣
የጃም ብርጭቆ ይዤ
ከውሻ ኋላ በእንብርክክ ስሄድ
ባለሱቋ አስካለማርያም
«ይኼ ሰውዬ ለየለት!» ብላ በሯን ዘጋች።

አሁን ሌሊት እሰማዋለሁ፤
ሲኖው ጎማ ላይ፣ ረጅም፣ ሳይቆራረጥ።
እሰማዋለሁ፣ ነቅቼ ስለማገኘው፤
እኔም ሌሊት ሦስቴ እነሣለሁና፣
ቆርቆሮውን ተደግፌ።

ለቦንሳ ነገርኩት። አልሳቀም።
ለሐሙስ ወረፋ ያዝኩ፣ ለራሴ፣ ሆስፒታል፣
ሳል ሳልስል።