አሥራ ሁለት ዲግሪ

ቂርያት ጋት፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ታፔላ እንሠራለን፣ ፕሮስፐርና እኔ፣ ሁለት ብቻ ሆነን።
እሱ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፤ እኔ ፊደል እስላለሁ፤
የአማርኛ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ማርሸት!» ሲል እወጣለሁ።

ሰኞ ለት ተቀባ መጣ፣ ነጭ መኪናውን እየነዳ፤
ጓዝ አመላላሽ ነው፣ ፎቅ ለፎቅ የሚያዞር የሰውን ጓዳ።
«‹ከቦታ ቦታ› ብለሽ ጻፊበት። ወፍራም ይሁን፣ ጌጥ አልፈልግም፤
ደግሞ የሚሄድ ይምሰል፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አይቁም።»

የሚሄድ ፊደል!
የኛ ፊደል ቆሞ የኖረ ነው፣ ቄስ ፊት እንዳለ ሰው፣ ቀጥ ብሎ።
ኮምፒውተሩን አዘንብልልኝ ብዬ ባዝዘው፣ ገፍትሮ ጥሎ
ዐይኑን ዐ እንደ ተረገጠ ሎሚ ጨፍልቆ ሰጠኝ።
እርሳስ አነሣሁ።

አሥራ ሁለት ዲግሪ አልኩ፤ ከዚያ ካለፈ ስካር ነው፣
ካነሰም፣ አታሚው እጁ የሳተ ነው የሚመስለው።
ከ አላስቸገረኝም። ታ ድሮም አንድ እግር ነው ያለው፣
እሱንም ወደ ኋላ አጥፎ፣ ኳስ ሊመታ እንደ ተነሣ ልጅ ነው።
ቦ ነው ጉዱ! የግራው ረጅም፣ የቀኙ እግር አጭር፤
ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ምን ይዞ፣ በምን ይመርኮዝ በምድር?
አንዴም አይደል፤ ስሙ ውስጥ ሁለቴ ይመጣል፣
ሁለቴ ይወድቃል።
ትከሻውን አቀለልኩለት፤ የግራ እግሩን ከሥር ሳብኩና
ወደ መሐል አስገባሁት፣ ሸክም የለመደ ሰው እንደሚቆመው።
ሳወፍረው ደግሞ ሆዱ ተዘጋ፤ ጥቁር ብቻ፣ ድፍን ቅል፤
ነጩን ከውስጡ እንደ እሾህ በጥቂት በጥቂቱ ስነቅል
ሦስት ሌሊት ሄደ። ብርዕ ያስለመደውን የጫፍ ጥፍር ሁሉ
ላጨሁለት። ጠዋት ሳየው አላፈረም።

ፕሮስፐር ዕብራይስጡን ጨመረ። እሱ ከቀኝ ተነሣ፣ እኔ ከግራ፤
ሁለቱም ወደሚሄዱበት አዘመሙ፣
መሐል ላይ ግንባር ለግንባር ገጠሙ።
«ሊሳሳሙ ነው ሊጣሉ?» አለና ሳቀ።

በመኪናው ቀኝ ጎን ለጠፍን። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ
አማርኛው መኪናውን ቀድሞ ሊወጣ ነው የሚመስለው።
ዞረን በሾፌሩ በኩል ለጠፍን።
ወየው ጉዴ!
ፊደሉ ያው ወደ ቀኙ ያዘማል፤ በዚህ ጎን ግን ቀኝ ማለት የኋላው በር ነው።
መኪናው ወደ ፊት፣ ስሙ ወደ ኋላ፤
ገበያ አልወርድም ብሎ እንደሚጎተት በግ።
ፕሮስፐር የዕብራይስጡን አየና ዝም አለ፤
የእሱ የሚጎተተው በወዲያኛው ጎን ነዋ!
ሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ሲለጥፍ ልብ አላለውም።

«አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት ተቀባን፣ «ለዚህኛው ጎን
በተቃራኒው ያዘመመ እስላለሁ።»
ራቅ ብሎ ቆመ። ክንዱን አጣጥፎ ብዙ አየው።
ጣቱ ላይ የበር መቀርቀሪያ የበላው ጠባሳ አለ።

«ተይው» አለኝ።
«ፍሪጅ ተሸክመሽ ደረጃ ስትወጪ ወደ ፊት ነው የምታዘነብዪው፤
ስትወርጂ ግን ወደ ኋላ።
ሲወርድ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው አውቃለሁ፤
ከነፍሪጁ ነው መሬት የደረሰው።»

ከፈለ። ደረሰኝ አልጠበቀም።
ከጎማ ቤቱ ጥግ ሲታጠፍ፣ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ
ዐይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ፤
ቦ አልወደቀም።