የአሥራ ስድስት ምት ዝምታ

ኤሜሼ፣ ወንበሩን ወዲህ በይ አምጪ፤
መስታወቱ ጠባብ ነው፣ ከጎኔ ተቀመጪ።
ዘጠኝ ሰው ሆኜ ነው የኖርኩት እዚህ ቤት፦
የመርከበኛ ሚስት፣ መነኩሲት፣ ጎረቤት፣
ሁለተኛ ሙሽራ፣ ሦስተኛ ገረድ፣
አንዴም ጢም ለጥፌ፣ ውርስ የተነፈገ ወንድ።
ሃያ ስድስት ዓመት ተጠባባቂ ነኝ፤
አንዷ ካልታመመች ማንም አይጠራኝ።
ስልክ ደውዬ "ይማርሽ" እላለሁ፣ ከልቤ፤
ልቤ ግን ጫማ አጥልቆ ቆሟል ካጠገቤ።

ስለ ዜማ ደራሲ ጠይቀሽኝ ነበር፤
ልንገርሽ፤ ከዚህ በር እንዳይወጣ ነገር።
ቲሃኒ ጎበዝ ነው። ጋዜጣው ያወድሰው።
እኔ ግን ሳስበው ዘፍኖ አያውቅም ያ ሰው፤
ፒያኖ አይተነፍስም፣ ፒያኖ ውሃ አይጠማው፣
በፒያኖ የጻፈው ለጉሮሮ አይስማማው።
ከላይኛው ድምፅ ላይ ሰቅሎኝ እንደ ልብስ፣
ረስቶኝ ይሄዳል፣ ነፋስ እስኪነፍስ።

ኦርሾያን ደግሞ ቀላል ናት ይሏታል። ቀላል!
ተኝቶ የሚያዳምጥ ምኑን ያውቀዋል?
ቃሉ በእግሩ ሄዶ ዜማው ላይ ሲቀመጥ፣
ወንበሩን እንደሚያውቅ ሰው፣ ሳይዳብስ፣ ሳይናወጥ፣
ይህን የጻፈ እጅ ስንት ጊዜ ሰረዘ?
ስንት ሌሊት ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ?

አምና ከቪየና አንድ አዘጋጅ መጣ፣
መድረኩን ገንዳ አርጎ ውሃ የሚያጠጣ፤
"ዋናው ገጸ ባሕርይ ውሃው ነው" አለን፣
ስድስት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን አስታቀፈን።
ሐያሲው ጻፈለት፦ "እንዴት ያለ ጥልቀት!"
እኔ ለክቼዋለሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ሽማግሌውስ ካልሽ፣ ያ ሐውልቱ ደጅ ያለው፣
ቫርኮኒ፣ ከርግብ በቀር ደፍሮ የማይነካው፣
እሱን ጠልቼዋለሁ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፤
ይህን ቢሰሙብኝ ጡረታ አውጧት ባሉ።
በሦስተኛው ገቢር፣ እንባው ሊመጣ ሲል፣
ዘፋኟን ያቆማል፣ ሁሉን ዝም ያስብል፤
አሥራ ስድስት ምት ሙሉ ክላርኔት ብቻውን።
ሴትዮዋ ምን ትሁን? የት ታድርግ እጇን?
ስንፍና ነው አልኩኝ። ቀለም ያለቀበት፣
ወይም ራት ቀርቦ ሚስቱ የጠራችበት።

ያ ረቡዕ መጣ፣ የቀትሩ ትርኢት፤
ተማሪ የሞላው፣ እርጥብ ካፖርት የሚሸትበት።
ቦርባላ ደወለች፤ ድምፅ የለ፣ ትንፋሽ።
ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። "ፒሮሽካ፣ አንቺ ነሽ።"
በሷ ልክ የተሰፋ፣ ለኔ የሚጠብ ቀሚስ፣
በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ጀርባዬ እስኪቆስል ድረስ።
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እውነት ነው።
የኛው ግን ቆርቆሮ ነው፤ መብራት ነው የሚያደምቀው።

አንደኛው ገቢር ሄደ። ሁለተኛው ሄደ።
ሦስተኛው ላይ ግን ቃሉ ካናቴ ተሰደደ።
ሃያ ስድስት ዓመት በሕልሜ የምለው፣
ያባቴን ስም ያህል ጠንቅቄ የማውቀው፣
የለም።
አስታዋሿ ገጽ ስትገልጥ ይሰማኛል፤ ወረቀቱ ተጣብቋል።

ያኔ ክላርኔቱ ጀመረ።
አንድ። ሁለት።
በአራተኛው ምት ትከሻዬ ወረደ።
በሰባተኛው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
አንድ ልጅ ብርቱካን ሲልጥ አየሁ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣
ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ ጉልበቱ ወርዶ፣
እጁን ረስቶ አፉን ከፍቶ እኔን ሲያይ።
በአሥራ አንደኛው ሽታው ደረሰኝ።
ቃሉም መጣ፣ እንደ ድመት፣
ሲጠሩት እምቢ ብሎ ሲተዉት ጭን ላይ እንደሚወጣ።

ኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጌርጌይን ያዝኩት፤
ክላርኔቱን ፈቶ በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።
"ቫርኮኒ ያን ቦታ ለምን ጻፈው?" አልኩ፤
ለዘፋኟ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።
"እንጃ" አለ። "ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ፣
የምሰማው እዚያ ላይ ነው።"
ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
የኔ ነው ብዬ የጠላሁት ዝምታ
ለካስ የሱ ንግግር ነበር።

በበነጋው ቦርባላ ተሻላት። እኔም ጎረቤት ሆንኩ።
ስሜ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት፣
"ፒሪሽካ" ብለው የተሳሳቱባት፣
ከመቀመጫ ሥር ተጠርጋ፣ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ወጣች።

በይ ተነሽ፤ አምስት ደቂቃ ብለዋል።
ያ ጫማ ይጠብሻል? ምላሱን ገልብጪና እዪው፤
"ዮላን" የሚል አለ? አዎ፤ የሷ ነበር።
ከሥሩ ደግሞ ሌላ ስም አለ፣
እሱን ግን ላብ አጥፍቶታል።